የ1963ቱ ሻስታ የኋላ መብራቶች፦ ምን ዓይነት ልግጠም፣ ሽቦውንስ እንዴት ልዘርጋ?

#1 የአውሮራው ተጓዥ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ወንድሞችና እኅቶች። የምኖረው በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ነው። ባለፈው መስከረም ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ካለ አንድ እርሻ፣ በመጋዘን ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራ ሻስታ የተባለ ካምፐር ተሳቢ (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ገዝቻለሁ። ርዝመቱ 16 ጫማ ያህል ነው። ግድግዳው በእንጨት ማገር ላይ የተመታ ስስ አሉሚኒየም ሲሆን፣ ሻስታ የሚታወቅባቸው ሁለቱ ክንፎች ከኋላው በግራና በቀኝ ዛሬም እንዳሉ ናቸው። ልጆቼ ገና ሲያዩት የወደዱት በክንፎቹ ነው፤ እኔም መልኩን ሳላበላሽ ለመንገድ ላበቃው ቈርጬ ተነሥቻለሁ።

ችግሬ የኋላ መብራቶቹ ናቸው። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ክብ ቀይ መብራት አለ፤ በውስጡም ለማታ መብራትም ለፍሬንም ለፍሬቻም የሚያገለግል ባለ ሁለት ክር አምፑል ተገጥሞበታል። የማታ መብራቱን ሳበራ ሁለቱም ደብዘዝ ብለው ይበራሉ፤ ፍሬን ስረግጥ ግን ይደምቃሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሹን ይጠፋሉ። የግራ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ የቀኙም አብሮት ብልጭ ድርግም ይላል። የታርጋው መብራት አይሠራም፤ ላይኛው ጥግ ላይ የነበሩት ትንንሽ መብራቶችም ክዳናቸው ተሰብሮ አልቋል። የሽቦዎቹ ልባስ ስነካው እየተፈረፈረ ይረግፋል።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ሦስት ነገር ነው። ነባሮቹን መብራቶች አድሼ ልጠቀም ወይስ በኤልኢዲ ልለውጥ? ከአሮጌው ሽቦ የሚተርፍ ይኖር ይሆን? በፋብሪካ ያልነበሩ መብራቶችን የመጨመር ግዴታስ አለብኝ?

#2 የሶማሌ ተራው

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ነው፤ ዛሬም ዴንቨር ውስጥ የምተዳደርበት በመኪና ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ከመግዛትዎ በፊት ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ግንኙነት፣ ይፈልጉ። የነገሩን ምልክት በሙሉ የሚያሳየው የማሳ መጥፋትን ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ላስረዳ፤ ነገሩ የገባው ሰው ሌላ ጊዜ አይቸገርምና። በአምፑሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ክሮች በአንድ ጫፋቸው የየራሳቸው ሽቦ አላቸው፤ በሌላው ጫፍ ግን ሁለቱም ከአምፑሉ ቈርቈሮ ጋር ተያይዘው ወደ አንድ ማሳ ይወርዳሉ። ማሳው ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል። ስለዚህ በፍሬቻው ክር የገባው ኃይል በሌላው ክር ተመልሶ፣ በሌላው ሽቦ ወደ መኪናው ይሄድና በመኪናው መብራቶች በኩል ማሳ ይፈልጋል። የግራውን ሲያበሩ የቀኙም የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። የማታ መብራት በርቶ ፍሬን ሲረግጡ ደግሞ ሁለቱም ክሮች ከሁለቱም ወገን 12 ቮልት ስለሚደርሳቸው በመካከላቸው የሚፈስ ነገር አይኖርም፤ መብራቱም ይጠፋል።

የዚያ ዘመን ሠራተኞች ማሳውን በአሉሚኒየሙ ግድግዳ ወይም በሻሲው በኩል ይመልሱ ነበር። አዲስ ሳለ ይሠራል። ከ60 ዓመት በኋላ ግን አሉሚኒየሙ በራሱ ኦክሳይድ ተሸፍኗል፣ ሻሲው ዝጓል፣ በመካከላቸው ያለው እንጨት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የተሳቢው አንገት በመኪናው የመጎተቻ ኳስ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ማሳ አገኘ የሚሉም አሉ፤ ኳሱ ግን ግሪስ የተቀባ ነው፣ ተሳቢው በተንገጫገጨ ቁጥርም ግንኙነቱ ይላቀቃል።

ለማረጋገጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ረጅም ሽቦ ይውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ በመኪናው ሻሲ ላይ በንጹሕ ብረት ያስሩ፣ ሌላውን ጫፍ የኋላ መብራቱ አምፑል በሚቀመጥበት ቈርቈሮ ላይ ያስነኩ። መብራቱ ወዲያው ከተስተካከለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

#3 ጥንቁቁ ነጂ

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ የማውቀውን ላካፍል። በአሜሪካ የመብራትን ጉዳይ የሚወስነው የፌዴራል የሞተር ተሽከርካሪ ደኅንነት መለኪያ ቁጥር 108 ነው። መለኪያው 80 ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ የጸናው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ ሲሆን፣ ጠባቦቹን ያካተተው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የእርስዎ ተሳቢ በ1963 ስለተሠራ ሲሠራ ይህ መለኪያ አልነበረም፤ አሁን የሚገዛው መንገዱ የሚገኝበት ግዛት የትራፊክ ሕግ ነው። የኮሎራዶን ሕግ ከግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ እንዲያነቡት አጥብቄ እመክራለሁ።

ይሁን እንጂ ግዴታ ባይሆንም እንኳ መለኪያውን እንደ መመሪያ ይዘው ቢሠሩ አይጸጸቱም፤ ከኋላዎ የሚመጣው ሾፌር ዓይኑ የለመደው በዚያ ልክ የተሠሩ ተሳቢዎችን ነውና። ከሁሉ በፊት ስፋቱን በሜትር ይለኩ። ከ80 ኢንች በታች ከሆነ ከኋላ ሁለት የማታ መብራት፣ ሁለት የፍሬን መብራት፣ ሁለት ፍሬቻ፣ ሁለት ቀይ አንጸባራቂና ነጭ የታርጋ መብራት፣ በጎን ደግሞ ከፊት ብርቱካናማ ከኋላ ቀይ ምልክት ይበቃል። 80 ኢንች ከሞላ ግን፣ ከላይ በመካከል ጎን ለጎን የሚደረደሩ ሦስት ቀይ መብራቶችና ስፋቱን የሚያሳዩ የጥግ መብራቶች ይጨመራሉ። ሦስቱ መብራቶች ከመካከል እስከ መካከል ሲለኩ ከ6 እስከ 12 ኢንች ይራራቃሉ። ዋነኞቹ የኋላ መብራቶች ከመሬት ከ15 ኢንች በታች፣ ከ72 ኢንች በላይ መሆን የለባቸውም።

ሲገዙ ክዳኑ ላይ የተቀረጹትን ፊደሎች ያንብቡ። «ዶት» (የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ምኅጻረ ስም) የሚለው ምልክትና ከአጠገቡ ያሉት ፊደሎች መብራቱ ለምን እንደተፈተነ ይናገራሉ፦ «ኤ» አንጸባራቂ፣ «ኤስ» የፍሬን፣ «ቲ» የማታ፣ «አይ» የፍሬቻ፣ «ኤል» የታርጋ ማለት ነው። ዓይን የሚስብ ሆኖ አንድም ፊደል የሌለበት ክዳን ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይግዙ።

#4 አናጢዋ

እኔ አሮጌ ካምፐሮችን የማድሰው በእንጨት በኩል ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ለጋሼ ትቼ፣ ማንም ያላነሣውን ልናገር። መብራቱን ሲፈቱ ወዲያው ከኋላው ያለውን እንጨት በወስፌ ወይም በቀጭን ካቻቢቴ ወጋ ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ጫፉን አያስገባም። ወስፌው እንደ ቂጣ ሰርስሮ ከገባ፣ መብራቱ ለዓመታት ውሃ ሲያስገባ ኖሯል ማለት ነው። በእጄ ካለፉት ተሳቢዎች ውስጥ የኋላ ማዕዘኑ ከበሰበሰው አብዛኛው የበሰበሰው ከመብራቱ ቀዳዳ ጀምሮ ነው። ቡሎን የሚይዘው እንጨት ከሌለ የትኛውም መብራት በመጀመሪያው ኮረኮንች ይወድቃል።

መልሰው ሲገጥሙ እባክዎ ሲሊኮን አይጨምሩ። አንዳንዱ ሲሊኮን ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሲድ ያወጣል፤ ይህም የመዳብ ሽቦንና የብረት ግንኙነትን ይበላል። ደግሞም አንድ ጊዜ ከያዘ ቀለሙን ሳይልጡ መብራቱን ማንሣት አይቻልም። በጥቅል የሚሸጠውን ቡቲል የተባለውን የሚለጠጥ ማሸጊያ ከመብራቱ መቀመጫ ዙሪያ በቀጭኑ ይደርድሩ፤ ከታች በኩል ግን ውስጥ የገባ ጤዛ የሚወርድበት ትንሽ ክፍት ቦታ ይተዉ። ብዙ መብራቶች ከታች ለዚሁ የተተወ ቀዳዳ አላቸው፤ ቡቲሉ እንዳይደፍነው ይጠንቀቁ።

#5 የአውሮራው ተጓዥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት ሽቦውን አስነካሁ፤ የግራው መብራት ወዲያው ደምቆ በራ፣ ፍሬቻውም የቀኙን መረበሽ አቆመ። እውነቱን ለመናገር ከልጆቼ ጋር አጨበጨብን።

ከዚያ መብራቱን ፈታሁት። የግራው በኩል እንጨቱ ደኅና ነው። የቀኙ ግን እኅታችን እንደ ገለጸችው ሆኖ አገኘሁት፤ ካቻቢቴው ሳልገፋው እስከ ሁለት ኢንች ሰመጠ፣ ሳወጣውም ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ ፍርፋሪ ተጣብቆ ወጣ። ቈርቈሮው ውስጥ አምፑሉ የሚቀመጥበት ሞላ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን፣ ቀድሞ የነበረ ሰው ሁለት ሽቦዎችን በእጁ ጠምዝዞ ናስትሮ ከጠቀለለባቸው በኋላ በእንጨቱና በአሉሚኒየሙ መካከል ወሽቋቸው መገኘታቸው ነው። ናስትሮው ሙጫው ቀልጦ ተንሸራትቷል፤ ራቁቱን የቀረው መዳብ አሉሚኒየሙን ነክቶ ነበር።

ስፋቱን ለካሁ፤ ከጎማ መሸፈኛው እስከ ጎማ መሸፈኛው ከ80 ኢንች በጥቂት ያንሳል። ሆኖም በተራራ መንገድ ስለምጓዝ ሦስቱን የመካከል መብራቶች ልጨምር አስቤአለሁ። አሁን የቀረኝ የመብራት ምርጫው ነው። ነባሮቹን ክብ መብራቶች ይዤ፣ አምፑሉን ብቻ በኤልኢዲ አምፑል ብቀይርስ?

#6 ብርሃን ወዳድ

በእኔ አስተያየት አሳብዎ ጥሩ ነው። እኔ በራሴ ተሳቢ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በመለያ ቁጥሩ 1157 ተብሎ የሚጠራውን ባለ ሁለት ክር አምፑል አውጥቼ በዚያው ልክ የተሠራ ቀይ ኤልኢዲ ተካሁበት። ነጭ ኤልኢዲ በቀይ ክዳን ኋላ እንዳያደርጉ፤ ነጩ ኤልኢዲ ከሚሰጠው ብርሃን ቀዩ ክፍል ጥቂት ስለሆነ ፈዘዝ ብሎ ሮዝ ይመስላል። ከዚህ ሌላ ኤልኢዲ ከባትሪ የሚወስደው እጅግ ትንሽ ነው፤ መንቀጥቀጥም ክሩን አይበጥሰውም፣ ክር የለውምና።

#7 የሶማሌ ተራው

ወንድሜ ብርሃን ወዳድ ስለ ቀዩ ቀለም የተናገረው ትክክል ነው። በአምፑሉ መተካት ግን አልስማማም፤ ምክንያቱንም እገልጻለሁ።

የአሮጌው መብራት ክዳንና ከአምፑሉ ኋላ ያለው የሚያንጸባርቅ ሳሕን የተቀመሩት ብርሃን ከአንዲት ክር፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ እንደሚረጭ ታስቦ ነው። የኤልኢዲ አምፑል ብርሃን ከብዙ ጠፍጣፋ ነጥቦች ይነሣል፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ ብቻ ያበራል። በጋራዡ ግድግዳ ላይ ቀጥታ ሲያዩት ደማቅ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ሲያዩት ግን የለም። ጎን ለጎን ካለው መስመር ሊገባ ያለው ሾፌር የሚያየው ደግሞ ያንኑ የጎኑን ብርሃን ነው። ክሩ ያለው 1157 አምፑል በፍሬን ጊዜ ወደ 2.1 አምፔር፣ በማታ ጊዜ 0.59 አምፔር ይወስዳል፤ ብርሃኑም በፍሬን ጊዜ የማታው አሥር እጥፍ ይሆናል። ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን መርገጥዎን የሚያውቀው በዚህ ልዩነት ነው፤ በርካሽ ኤልኢዲ አምፑሎች ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው እላለሁ። አንደኛው፣ የድሮውን መልክ ከፈለጉ መብራቱን አጽድተው፣ የዛገውን የአምፑል መቀመጫ ለውጠው፣ ክዳኑም ከፀሐይ ብዛት ነጥቶ ከሆነ በአዲስ ተክተው በዚያው በክር አምፑል መቀጠል ነው። ሁለተኛው፣ ሙሉው ተደፍኖ እንደ ኤልኢዲ ተፈትኖ «ዶት» የተጻፈበትን ክብ መብራት መግጠም ነው፤ ከድሮዎቹ ጋር የሚመሳሰል ባለ ኒኬል ቀለበት አይጠፋም። ሁለቱም ሠናይ ናቸው። በመካከል ያለውን መንገድ ነው የማልወደው።

ለኮሎራዶ አንድ ነገር ልጨምር። የክር አምፑል ይሞቃል፤ በክዳኑ ላይ የተለጠፈውን በረዶ ቀስ እያለ ያቀልጣል። ኤልኢዲ በክዳኑ በኩል ሙቀት አይሰጥምና በበረዶ ቀን ቆም ብለው በእጅዎ መጥረግ ይኖርብዎታል።

አሁን ወደ ሽቦው። አሮጌውን በሙሉ አውጡት፤ ልባሱ የሚፈረፈር ሽቦ የሚተርፍ ነገር የለውም። የሽቦውን ውፍረት ግን በግምት አይምረጡ፤ እስቲ እናስላው። ሁለቱ የፍሬን ክሮች 4.2 አምፔር፣ ሁለቱ የማታ ክሮች 1.2 አምፔር ያህል፣ የታርጋውና ትንንሾቹ መብራቶች ሲደመሩ ሁሉም በአንድነት ከ7 አምፔር አያንስም፤ ይህም ሁሉ በአንዲት ማሳ ነው የሚመለሰው። ከመሰኪያው እስከ ኋላ 8 ሜትር ብንል፣ ቁጥር 18 የሆነው ቀጭን ሽቦ በ8 ሜትር 0.17 ኦም ያህል ስላለው በማሳው ላይ ብቻ 1.2 ቮልት ገደማ ይበላል። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራልና፣ ቁጥር 12 ቢሆን የሚበላው 0.3 ቮልት እንኳ አይሞላም። የክር አምፑል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራት ቁጥር 16 ወይም 14፣ ለማሳው ቁጥር 12 ይዘርጉ። ከእያንዳንዱ መብራት የራሱ የማሳ ሽቦ ወጥቶ በፊት በኩል ባለ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገናኝ፤ ከዚያ ሳጥን ወደ መሰኪያው አንድ፣ ወደ ተጠረገ የሻሲ ብረት አንድ ይሂድ። አሉሚኒየሙን እርሱት፤ እሱ ዝናብ ይከልክል።

#8 የሚኒሶታው

በጋሼ ትንታኔ ላይ የምጨምረው ቀለምን ነው፤ እኔን ሁለት ምሽት የፈጀብኝ እርሱ ነበርና።

በአሜሪካ በትንንሽ ተሳቢዎች ላይ ያለው ጠፍጣፋ ባለ አራት መሰኪያ ነጩ ማሳ፣ ቡናማው የማታ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። እኔ ይህንን በቃሌ ይዤ የነበረ ሲሆን፣ ለካምፐሬ ግን ክብ ባለ ሰባት መሰኪያ ከነኬብሉ ገዛሁ። በካምፐር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ኬብል ቀለሙ ሌላ ነው፦ አረንጓዴው የማታ መብራት፣ ቀዩ የግራ፣ ቡናማው የቀኝ፣ ሰማያዊው የኤሌክትሪክ ፍሬን፣ ጥቁሩ የባትሪ 12 ቮልት፣ ቢጫው የኋላ ማርሽ፣ ነጩ ማሳ። ቡናማን ከቡናማ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ ሳስር የማታ መብራቱን ሳበራ የቀኝ ፍሬን ብቻ ደምቆ በራ፤ የቀኝ ፍሬቻ ሳሳይ ደግሞ የጎን መብራቶቹ በሙሉ ብልጭ አሉ። አምፑሉን ለወጥኩ፣ ማሳውን ፈተሽኩ፣ በመጨረሻ የመሰኪያውን ክዳን ከፍቼ ከየቀዳዳው ኋላ የተጻፈውን ሳነብ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ለቀለም አይታመኑ። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አንድ አንዱን እያበራ፣ እርስዎ በቴስተር እያንዳንዱን ቀዳዳ ይለኩና በሽቦው ጫፍ ላይ በወረቀት ስም ይለጥፉበት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በተሳቢው ግድግዳ ውስጥ የ120 ቮልት የቤት ሽቦም ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ውስጥ ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ነው፣ ነጩ ደግሞ ማሳ አይደለም። የመብራቱን ነጭ ከዚያኛው ነጭ ጋር በስሕተት ማሰር ለሕይወት አስጊ ነው። ሥራ ሲጀምሩ የውጭውን የመብራት ገመድ ነቅለው ይሥሩ።

#9 ከፍራንክፈርት

እኔ የምኖረው ጀርመን ሲሆን አሮጌ የጀርመን ካምፐር አለኝ። ከአሜሪካ ካሉት የተለየ ስለሆነ ለአውሮፓ አንባቢዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው። በእኛ ዘንድ ፍሬቻ ብርቱካናማ ሆኖ ከፍሬን የተለየ ነው፤ ተሳቢም ከኋላ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ አንጸባራቂ ይኖረዋል። በባለ ሰባቱ ክብ መሰኪያ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ ቀዩ ፍሬን፣ ጥቁሩ የግራ የማታ መብራት፣ ቡናማው የቀኝ የማታ መብራት፣ ሰማያዊው የኋላ የጉም መብራት፣ ነጩ ማሳ ነው። ወንድማችን የተቸገረበት ቡናማ እኛ ጋ ሲደርስ ሦስተኛ ትርጉም አገኘ ማለት ነው። ተሳቢ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ካለ መሰኪያውን በመቀየር ብቻ አያልቅለትም፤ የኋላ መብራቱን በሙሉ መለወጥና ለፍሬቻው የተለየ ሽቦ መዘርጋት አለበት።

#10 የአውሮራው ተጓዥ

ውሳኔዬን ላሳውቃችሁ። ዋነኞቹን ሁለት ክብ መብራቶች ድሮ እንደነበሩት በክር አምፑል እቀጥላለሁ፤ ክዳኑን «ዶት» በተጻፈበት ለውጫለሁ። ለሦስቱ የመካከል፣ ለጥግና ለታርጋ መብራቶች ግን ተደፍነው የተሠሩ ኤልኢዲዎችን ገዝቻለሁ፤ እነርሱ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡና ለመፈታት ስለማይመቹ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፤ መኪናዬ ከኋላ ብርቱካናማ የተለየ ፍሬቻ አለው፤ ተሳቢው ግን ፍሬኑንና ፍሬቻውን በአንድ ክር ነው የሚያሳየው። ይህ እንዴት ይታረቃል?

#11 የሶማሌ ተራው

መኪናው ከፋብሪካ የመጎተቻ ሽቦና ባለ ሰባት መሰኪያ ይዞ የመጣ ከሆነ ፍሬኑንና ፍሬቻውን ወደ አንድ የሚያዋሕደው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከውስጡ አለ። ከሌለው በመካከል የሚገባ መቀየሪያ ሳጥን ያስፈልጋል። ሲገዙ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ በራሱ ፊውዝ የሚወስደውን ይግዙ። ኃይሉን ከመኪናው የመብራት ሽቦ ላይ የሚቀማው ዓይነት ሁለት ባለ ክር አምፑሎች ሲጨመሩበት ይቃጠላል፤ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ያልጠበቀው ኃይል ሲወሰድበት አምፑል ተቃጠለ ብሎ ይጮኻል።

ማያያዣዎቹን በተመለከተ፣ ሽቦን ሳይልጡ ነክሶ የሚይዘውን ሰማያዊ ፕላስቲክ አይጠቀሙ። ነክሶ ሲይዝ ከሽቦው ጥቂት ክሮችን ይቈርጣል፤ በቀረው ስንጥቅም ውሃ ይገባል። እኛ ግዛት ደግሞ በክረምት መንገዱ ላይ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ እንዲህ ያለውን ግንኙነት በአንድ ወቅት ጨርሶ ይበላዋል። በመጨመቂያ ፒንሳ የሚታሠር፣ በሙቀት የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለውን ማያያዣ ይምረጡ። በመሰኪያው ቀዳዳዎች ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ግሪስ ይቀቡ። ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባበት፤ ከወለሉ በታች ያለውንም በርዝመቱ በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው በየክንዱ በላስቲክ መያዣ ከሻሲው ጋር ያስሩት።

#12 የአውሮራው ተጓዥ

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ አሁን ግን ተፈጽሟል። በቀኝ በኩል የበሰበሰውን ሞራሌ እኅታችን ባለችው መሠረት ቈርጬ በአዲስ ተካሁ። ሁሉንም ማሳ ወደ ፊት ሳጥን አመጣሁ። በመጨረሻ መኪናውን አስነሥቼ፣ ፍሬን አስረግጬ፣ የማታውንም አብርቼ በቴስተር ለካሁ፤ መሰኪያው ላይ 13.4 ቮልት ሲያሳይ በቀኙ መብራት ላይ 12.9 አገኘሁ። ከሽቦ ቅየራው በፊት በዚያው ቦታ ያገኘሁት 10.8 ነበር።

ከመሸ በኋላ ባለቤቴ ከመንገዱ ማዶ 150 እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ በስልክ ትነግረኝ ነበር። መጀመሪያ ቀጥታ ከኋላ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ፈቀቅ እያለች፣ የማታውን፣ ፍሬኑን፣ ፍሬቻውን እያንዳንዱን አየች። ከቀኝ ጎን ስትቆም የቀኙ መብራት በክንፉ ጫፍ በጥቂት እንደተጋረደ ያየችው እርሷ ናት፤ እኔ ተጠግቼ ስሠራ አላስተዋልኩትም ነበር። መብራቱን በሁለት ኢንች ወደ ታች አወረድነው፤ የድሮው ቀዳዳም በአዲሱ መቀመጫ ሥር ተሸፈነ።

ባለፈው እሑድ በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ወደ ምዕራብ ተጓዝን። ወንድሜ በራሱ መኪና ከኋላ ተከትሎን ነበር። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ደውዬ ጠየቅሁት፤ ክንፎቹ ሳይቀሩ በሦስቱ የመካከል መብራቶች ቀይ ሆነው እንደሚታዩት ነገረኝ።

#13 አናጢዋ

ደስ ይላል። አንድ ሥራ ግን ይቀርዎታል። ቡቲል ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና በመብራቱ ጠርዝ ዙሪያ ይወጣል። ከመጀመሪያው ሞቃት ሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን በሩብ ዙር ያህል አጥብቀው፣ የወጣውን በፕላስቲክ ቢላዋ ከላይና ከጎን ብቻ ይቈርጡት፤ የታችኛውን ቀዳዳም በጥርስ መፋቂያ እንጨት ይክፈቱት።